ሐተታ ዘካቢኔት፦ ስለ ኩሽና ሣጥኖች ባሕርይ፣ ሕማምና ቅብ

መቅድም

ሊቃውንት ስለ ነፍስ ጽፈዋል፤ ስለ መንግሥት ጽፈዋል። የከዋክብትን አካሄድ ቆጥረው፣ የበዓላትንና የአጽዋማትን ቀን ቀምረው፣ ከፀሐይ በታች ያለውን ሁሉ በብራናም በወረቀትም ጠርዘው አኑረውልናል። ከላቫንዲኖ በታች ያለውን ግን ጎንበስ ብሎ ያየው የለም። ይህ ጸሐፊ ጎንበስ ብሎ አየ። ያየውም በዝምታ የሚታለፍ አልነበረም፤ ያበጠ ወለል፣ የጠቆረ ማዕዘን፣ አንድ ሰሞን «ኦሪጅናል የቱርክ ነው» ተብሎ የተማለለት፣ ዛሬ ግን ውሃ እንደነካው ድርቆሽ በጣት የሚፈረፈር ችፑድ።

ስለዚህ ይህ ድርሳን ተጻፈ። ለአናጢዎች አልተጻፈም፤ እነሱ ያውቁታል፣ ካልተጠየቁ ግን አይናገሩም። ለአርክቴክቶችም አልተጻፈም፤ እነሱ ሥዕሉን አስረክበው ሄደዋል። የተጻፈው ዋጋው በሜትር ተነግሮት፣ ቀብድ ከፍሎ፣ የቀለም ናሙና በመስኮት ብርሃን ለሚያገላብጠው ምስኪን ባለቤት ነው።

ዐቢይ ድንጋጌያችንን ከወዲሁ እናውጅ። ትዕግሥት ያጠረው አንባቢ ይህችን ብቻ ይዞ ቢሄድ አንቀየመውም፤ ካቢኔት የሚሸጠው በፊቱ ነው፣ የሚሞተው ግን በጠርዙና በእግሩ ነው። የቀረው ሁሉ ትርጓሜ ነው።

ትርጓሜ ካልን ዘንድ በአባቶች ሥርዓት እንሂድ። ካቢኔት አለ፤ ዕቃ ይቀመጥበታልና። አንድም፤ ዕቃ ይደበቅበታልና። አንድም፤ ጎረቤት ይቀናበታልና። ሦስቱም ይሆናል፤ ሦስተኛው ግን ይጸናል። በከተማችን ከሚሠሩት ካቢኔቶች የሚበዙት የሚታዘዙት በዚህ በሦስተኛው ነውና።

ክፍል አንድ፦ ጥንተ ነገር

የመጀመሪያው የኩሽና ቅብ ጥላሸት ነው። በሣር ክዳን ጎጆ ውስጥ የምድጃው ጭስ ወደ ላይ ወጥቶ ወራጁንና ማገሩን እያጠቆረ ይለብሰዋል፤ ጭስ ከጠገበ እንጨት ደግሞ ነቀዝ ይርቃል። ያለ ጣሳ፣ ያለ ብሩሽ፣ ያለ ቀብድ የሚቀባ ቅብ ነበር። ዓይንንና ሳንባን እንደሚጎዳ አይካድም፤ እንጨቱ ግን አንድም ቀን ቅሬታ አላሰማም።

ዕቃውም ሣጥን አያውቅም ነበር። ሰፌድ ይሰቀላል፣ ቅል ይንጠለጠላል፣ ገንቦ ከማቶቱ ላይ ይቀመጣል። የተሰቀለ ነገር በአራት ማዕዘኑ አየር ያገኛል፤ አየር ያገኘም አይሻግትም። ቅድመ አያቶቻችን ይህን ምሥጢር ያለ ምንም ድርሳን ያውቁት ነበር ብንል ይህ ጸሐፊ ሥራ ፈት ሊባል ነው፤ ስለዚህ በፍጥነት እንለፈው።

ወደ ሣጥኑ ዘመን ያሻገሩን ኦስትሪያዊቷ አርክቴክት ማርጋሬቴ ሹተ-ሊሆትስኪ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1926 ለፍራንክፈርት ከተማ አዳዲስ የሠራተኛ መኖሪያዎች አንድ ኩሽና ነደፉ፤ ስፋቱ 1.9 በ3.4 ሜትር ገደማ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ወደ 10,000 በሚጠጉ ቤቶች ተተከለ። በኮንዶሚኒየሙ ኩሽና ጥበት የሚያማርር ሁሉ የቅሬታውን የዘር ሐረግ እስከዚያ ድረስ መቁጠር ይችላል።

እኚህ ሴት ግን ጥበትን ብቻ አላወረሱንም። የዱቄት መሳቢያውን ከኦክ እንጨት አሠሩት፤ ኦክ በውስጡ ባለው ታኒን የዱቄት ትልን ያርቃል ተብሎ። የሥራ ጠረጴዛውን ከቢች አደረጉት፤ ቢላንና እድፍን ይችላልና። የካቢኔቱን ፊት ደግሞ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ አረንጓዴ ቀቡት፤ ዝንብ በዚህ ቀለም ላይ ማረፍ አትወድም ይባል ነበርና። ዝንቧን ማንም ጠይቋት አያውቅም። ሐሳቡን ግን ልብ በሉ፤ ለእያንዳንዱ ሥፍራ ጠላቱ ማን እንደሆነ አስቀድመው ጠየቁ፣ ከዚያ በኋላ ቁስ መረጡ። እኛ ከመቶ ዓመት በኋላ ለሁሉም ሥፍራ አንድ ጣውላ እንመርጣለን፤ መስፈርታችንም ከፒንተረስት በወረደው ፎቶ ላይ ካለው ቀለም ጋር መመሳሰሉ ነው።

ክፍል ሁለት፦ ስለ ጠላቶች

በፍራንክፈርት ኩሽና እንጀራ አልተጋገረም። ይህን ሐቅ የአውሮፓ የካቢኔት ሊቃውንት ሁሉ ይዘነጉታል፤ ካታሎጎቻቸውን ተርጉመን የምንሸጥ እኛም አብረን እንዘነጋዋለን።

የኤሌክትሪክ ምጣድ ከሦስት ኪሎዋት በላይ ኃይል የሚስብ የእንፋሎት ፋብሪካ ነው። ሊጥ ከግማሹ በላይ ውሃ ነው፤ እንጀራው ዓይን ሲያወጣ ያ ውሃ መውጫ ይፈልጋል፣ ክዳኑም በተነሣ ቁጥር አንድ ነጭ ደመና ወደ ላይ ይወረወራል። ከበላይ ያለው ማን ነው? የላይኛው ካቢኔት ወለል። ያ ወለል ከሥሩ በኩል ብዙ ጊዜ ጠርዙ ያልተሸፈነ ነው፤ «ማን ያየዋል?» ተብሎ። ደመናው ያየዋል። አንድ ሙሉ ሌማት እንጀራ ሲጋገር ያ ጠርዝ የሚጠጣውን እንፋሎት ለመገመት ምሁር መሆን አያስፈልግም፤ ነገር ግን ምሁር ሆነን ሳለ ስለገመትነው ግምቱ ክብደት አለው።

ሁለተኛው ጠላት ቁሌት ነው። የኛ ወጥ የሚጀምረው በሽንኩርት ነው፤ ሽንኩርቱም ለደቂቃ ሳይሆን ለረጅም ጊዜ ይቁላላል። ከድስቱ የሚነሣው የዘይት ብናኝ በካቢኔቱ ፊት ላይ የማይታይ ስስ ሽፋን ሠርቶ ይቀመጣል፤ አቧራ ያርፍበታል፤ በርበሬ ያርፍበታል፤ እርድ ያርፍበታል። በተለይ እርድ ነጭ ካቢኔት ያገኘ ዕለት ከዚያ ወዲያ ያ ካቢኔት ነጭ መባሉ የአክብሮት ጉዳይ ብቻ ነው። ከዚያ በበዓል ዋዜማ ቤቱ ሲጸዳ በሽቦ ይፈገፈጋል፣ በረኪና ይፈስበታል፤ ዘይቱ ያልጨረሰውን ሽቦው ይጨርሰዋል።

ሦስተኛው ጠላት ከታች ይመጣል። ወለላችንን የምንወለውለው በእርጥብ ጨርቅ ብቻ አይደለም፤ ውሃ ደፍተን፣ በሳሙና አሽተን እናጥበዋለን። ያ ውሃ ከካቢኔቱ ዞኮሎ (ከእግሩ መሸፈኛ) ሥር ይገባል፤ እዚያ ያለው የተቆረጠ የጣውላ ጠርዝ ከሆነ ይመጠጣል። ከላይ ደግሞ የላቫንዲኖው ሲፎን አለ። ሲፎን ሁሉ አንድ ቀን ያንጠባጥባል፤ ይህ ትንቢት ሳይሆን የላስቲክ ጎማ ባሕርይ ነው።

እንግዲህ ጠላቶቹ ሁሉ ውሃ፣ ዘይትና ሙቀት መሆናቸው ተገለጠ። የጎረቤት ዓይን ከጠላት ወገን አለመሆኑም ተገለጠ፤ ሆኖም የአብዛኛው በጀት የሚፈሰው እሱን ለመመከት ነው።

ክፍል ሦስት፦ ስለ ክቡር እንጨት

በዚህ ጉዳይ ላይ ሁለት ወገኖች አሉ፤ እንጨታውያንና ጣውላውያን እንበላቸው። እንጨታውያን ከእውነተኛ ግንድ የወጣ ሳንቃ ካልሆነ ካቢኔት አይባልም ይላሉ። የዋንዛን ስም ሲጠሩ ድምፃቸው ዝቅ ይላል። ዋንዛ በእርግጥም የሚያኮራ ነው፤ ለመላጊያና ለመሮ ይገራል፣ ቅርጹን ይይዛል፣ ከበሮውም ገበቴውም ከሱ ይወጣል። ዝግባ ቀጥ ያለና ፈዛዛ ቀለም ያለው ነው፤ ግን እርጥበት ያለበት ቦታ ብቻውን ከተተወ ይሻግታል፣ ይበላሻል። የሀበሻ ጥድ ምስጥን ያሸንፋል፣ ሣጥን ሲከፈት ሽታው ያውዳል፤ በሚስማር ግን ቶሎ ይሰነጠቃል።

የእንጨታውያን ችግር ውበት አይደለም፤ ሕግ ነው። የደን ጥበቃ፣ ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 94/1986 ኮሶን፣ ዝግባን፣ ጥድንና ዋንዛን ከመንግሥትና ከክልል ደን መቁረጥን በስም ጠርቶ ከለከለ። አዋጁ ከዚያ ወዲህ በሌላ አዋጅ ተተክቷል፤ ሆኖም የሕግ አውጪው ብዕር የእንጨታውያንን የምኞት ዝርዝር እንዲህ አንድ በአንድ መቁጠሩ ለዕውቀታቸው የተሰጠ የክብር ምስክርነት ነው። ስለዚህ «ዋንዛ አለኝ» የሚላችሁን ሁሉ ከየት እንደመጣ ጠይቁት፤ ወረቀቱን ሊያሳያችሁ ካልቻለ ካቢኔታችሁ ገና ሳይተከል የወንጀል ተባባሪ ሆኗል። በሕጋዊው ገበያ የሚገኙት የፈረንጅ ጥድና ግራቪሊያ ክብራቸው ዝቅ ያለ ቢሆንም በአግባቡ ከደረቁ አያሳፍሩም።

«ከደረቁ» የምትለዋን ልብ በሉ። እንጨት ከተቆረጠም በኋላ ይተነፍሳል፤ በሐምሌና በነሐሴ እርጥበት ጠጥቶ በጎኑ ይሰፋል፣ በጥርና በየካቲት ደርቆ በጎኑ ይጠባል። በርዝመቱ ግን እዚህ ግባ የሚባል ለውጥ አያሳይም። ከአንድ ሰፊ ሳንቃ የተሠራ በር በክረምት አልዘጋ፣ በበጋ አልገጥም የሚለው ለዚህ ነው። ቀደምት አናጢዎች መላውን አግኝተውለታል፤ ክፈፍ ይሠራሉ፣ መሐሉን ሳንቃ በክፈፉ ቦይ ውስጥ ያለ ኮላ ይሰኩታል፤ ሳንቃው በቦዩ ውስጥ እንደልቡ ይሰፋል ይጠባል፣ በሩ ግን መጠኑን አይለቅም። በዛሬ ጊዜ ይህን ክፈፍ ኤምዲኤፍ በሚባለው የፋብሪካ ጣውላ ላይ በማሽን ቀርጾ ማስመሰል ተለምዷል። ኤምዲኤፍ እንደ ሳንቃ በጎኑ አይጠባም አይሰፋም፤ ክፈፉ አንዳች አገልግሎት የለውም፤ የቁሌት ዘይት ማጠራቀሚያ ቦይ ከመሆን በቀር።

ክፍል አራት፦ ስለ ጣውላ ነገድና ስለ ጠርዝ ምሥጢር

ወደ ጣውላውያን ስንሻገር ሦስት ነገድ እናገኛለን፤ ችፑድ፣ ኤምዲኤፍና ኮምፔልሳቶ። ፋይዚትን ከነገድ አንቆጥረውም፤ እሱ የካቢኔት ጀርባ መሸፈኛና የመሳቢያ ወለል ሆኖ ስሙ ሳይነሣ የሚኖር የዋህ ነው።

ችፑድ ከተፈጨ እንጨት ፍርፋሪ ይሠራል፤ በሀገራችን የማይጨው ፋብሪካ የተመሠረተው ባሕር ዛፍን ጥሬ ዕቃ አድርጎ ነው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ለማገዶ ብሎ የመጣ ዛፍ ከመቶ ዓመት በኋላ ቁም ሣጥን ሆኖ ሳሎን ገባ ማለት ነው፤ እንዲህ ያለ ዕድገት በሰው ዘንድም ብርቅ ነው። ፍርፋሪውን የሚያያይዘው ዩሪያ ፎርማልዴሃይድ የሚባል ሙጫ ነው። አዎን፣ ዩሪያ፤ ገበሬው በማሳው የሚበትነው ያው ዩሪያ። በማሳ ላይ እህል ያሳብጣል፤ በችፑድ ውስጥ ግን እብጠቱን የሚያመጣው ውሃ ነው። ፍርፋሪው በሙቀትና በግፊት ታምቆ ተጨምቋል፤ ውሃ ሲገባበት የተጨመቀው ወደ ቀድሞ መጠኑ ይላቀቃል፣ ሙጫውም በእርጥበትና በሙቀት እየተፈታ ይሄዳል። ያበጠ ችፑድ ሲደርቅ አይመለስም። አናጢ ጠርቶ «አሳንሰው» የሚል ደንበኛ ያጋጥማል፤ አይሳካለትም።

ይህ ሙጫ ሌላ ጠባይም አለው። ቤት ሲታደስ «የአዲስ ዕቃ ሽታ» እያልን በኩራት የምናሸተው፣ ዓይን የሚቆጠቁጠው ነገር ብዙውን ጊዜ ፎርማልዴሃይድ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2004 ይህን ጋዝ በሰው ላይ ካንሰር ከሚያስከትሉት ተራ መድቦታል። መፍትሔው ከቤት መሸሽ አይደለም። ጣውላው ላይ «ኢ1» የሚል የልቀት ደረጃ መኖሩን መጠየቅ፣ የተቆረጠውን ጠርዝ ሁሉ መሸፈን፣ መስኮት መክፈት ነው። ሜላሚን የለበሰው ፊት ጋዙን አፍኖ ይይዘዋል፤ የሚያመልጠው በጠርዙ ነው። ጠርዝ ጠርዝ ማለታችን እንግዲህ ከንቱ ድግግሞሽ እንዳልሆነ አንባቢው እየተረዳ ሊሆን ይገባል።

ኤምዲኤፍ የችፑድ የተማረ ወንድም ነው። እንጨቱ እስከ ክር ድረስ ተፈትቶ ዳግም የተጋገረ ስለሆነ ፊቱ ለስላሳ ነው፤ ለቀለም ቅብ እሱን የሚያህል የለም። ክብደቱ ግን ከባድ ነው፤ 1.22 በ2.44 ሜትር የሆነ ባለ 18 ሚሊሜትር አንድ ጣውላ ወደ 40 ኪሎ ይመዝናል፤ ከኤምዲኤፍ የተሠራ ረጅም በር ሁለት ማጠፊያ ብቻ ካገኘ ጥቂት ቆይቶ ማዘንበል ይጀምራል። በጠርዙ በኩል ብሎን ሲገባበት ይሰነጠቃል፤ መጀመሪያ በመሰርሰሪያ መንገድ ሊከፈትለት ይገባል። ስለ አረንጓዴው ኤምዲኤፍም አንድ ቃል፤ እርጥበት ይቋቋማል የሚባለው ዓይነት መሐሉ አረንጓዴ ተነክሮ ይሸጣል። የሚቋቋመው ሙጫው ነው፤ አረንጓዴው ማቅለሚያ ብቻ ነው። እርጥበት ይቋቋማል ማለትም በውሃ ውስጥ ይዋኛል ማለት አይደለም።

ኮምፔልሳቶ የነገዶቹ ሁሉ ታላቅ ነው፤ ትሕትናው ግን ገበያውን አበላሽቶበታል። ስስ የእንጨት ልጣጮች ጭራቸው (የክራቸው አቅጣጫ) እየተሻገረ፣ ቁጥራቸው ጎደሎ ሆኖ፣ አንዱ ባንዱ ላይ ይጣበቃሉ። አንዱ ልጣጭ በጎኑ ልስፋ ሲል ጎረቤቱ በርዝመቱ ይይዘዋል፤ ስለዚህ አይጣመምም፣ ብሎን አጥብቆ ይይዛል፣ እርጥበት ቢነካው እንኳ ከችፑዱ ይልቅ ታግሦ ይቆያል። ሙጫው ጥቁር ቡናማ መስመር ሆኖ በጠርዙ ከታየ ብዙ ጊዜ የፊኖሊክ ዓይነት ነው፤ ውሃን የሚችለው እሱ ነው። በሕንፃ ግንባታ ቦታ ኮንክሪት ሲፈስበት የምናየው ጥቁር ወይም ቡናማ ፊልም የለበሰው ኮምፔልሳቶ ከዚህ ወገን ነው። አርማታ ተሸክሞ በዝናብ የሚያድር ጣውላ ከላቫንዲኖ ሥር ቢቀመጥ ዕረፍት ወጣ ማለት ነው። ነገር ግን «ፊቱ አያምርም» ይባላል። ከላቫንዲኖ ሥር የማን ፊት ያምራል?

አሉሚኒየምን የሚመርጡ ወገኖችም በዝተዋል። አያብጥም፣ ምስጥ አይበላውም፤ ሲዘጋ ግን ይጮኻል። ከዚህ በላይ አንልም።

አሁን ወደ ምሥጢሩ። የጣውላ ፊት በፋብሪካ ይለብሳል፤ ጠርዙ ግን በየመጋዙ ይከፈታል። የበሮቹ ጠርዝ በማሽን በትኩስ ሙጫ የፒቪሲ ጥብጣብ ይለብሳል፤ ይህ መልካም ነው። ማሽን የሌለው እንጨት ቤት በካውያ ወይም በማስቲሽ ይለጥፈዋል፤ ይህም በምጣዱ አጠገብ እስካልሆነ ድረስ ይቻላል። አደጋው ያለው ግን ማንም በማይቆጥራቸው ጠርዞች ላይ ነው፤ የላይኛው ካቢኔት ሥር፣ የጎን ጣውላው ወለል የሚነካበት ቦታ፣ ለላቫንዲኖ የተቆረጠው ክብ ወይም አራት ማዕዘን፣ ለቧንቧ በጀርባው የተበሳው ቀዳዳ፣ ለማጠፊያው ስኒ የተቦረቦረው 35 ሚሊሜትር ጉድጓድ። እነዚህ ሁሉ ክፍት አፍ ናቸው። አንድ ዙር ቫርኒሽ ወይም ሲሊኮን ቢያገኙ ይዘጋሉ፤ ሥራው የሚወስደው ግማሽ ቀን ነው፤ ማንም የማያደርገውም ለዚሁ ነው፤ ደንበኛው አይቶ አያመሰግንበትምና።

የታችኛው ካቢኔት በጎን ጣውላው ላይ መቆም የለበትም። ቁመቱ የሚስተካከል የፕላስቲክ እግር ይግባለት፤ ዞኮሎውም የሚነቀል ይሁን። በዚህ ርዕስ ላይ ተቃዋሚ ካለ ወለሉን ካጠበ በኋላ ይምጣ።

ክፍል አምስት፦ ስለ እጀታ

ባልና ሚስት ከሁሉ አስረዝመው የሚከራከሩበት ርዕስ ይህ ነው። በሊጥ እጅ የሚያዝ፣ በጨርቅ የሚጸዳ ይሁን። ርዕሱ ተፈጸመ።

ክፍል ስድስት፦ ስለ ቅብ

ተልባን እኛ ለጨጓራ እናውቀዋለን፤ በጾም በፍትፍት እናውቀዋለን። የተልባ ዘይት ግን ከዘይቶች ሁሉ የተለየ ዕውቀት አለው፤ አየር ሲነካው ከኦክሲጅን ጋር ተዋሕዶ ወደ ጠንካራ ሽፋን ይለወጣል። የአውሮፓ ሠዓሊዎች ከአምስት መቶ ዓመት በላይ ቀለማቸውን ያቦኩት በእሱ ነው፤ አናጢዎቻቸውም እንጨታቸውን ያሹት በእሱ ነው። ኑግም ቀስ ብሎ ከዚያው መንገድ ላይ ነው፤ በዘይት ጠርሙስ አንገት ላይ የሚደርቀውን ሙጫ የሚመስል ነገር አይታችሁታል። ቅቤ ግን አይደርቅም፤ ይሻግታል እንጂ፤ ስለዚህ ለፀጉርና ለወጥ ይቆይልን። ተልባ በየገበያው በቁና የሚሰፈርባት አገር ለእንጨቷ ማሻሻያ ጣሳ ከውጭ ማስመጣቷ ለኢኮኖሚ ሊቃውንት የምንተወው ርዕስ ነው።

እዚህ ላይ ከፌዝ ወጥተን አንድ ነገር እንናገር። የተልባ ዘይት የጠጣ ጨርቅ ተጨማዶ ከተጣለ ሲደርቅ በራሱ ይሞቃል፤ ማንም ክብሪት ሳይጭርበት ሊቀጣጠል ይችላል። ጨርቁን ዘርግታችሁ ደጅ አድርቁት፤ ወይም ውሃ ውስጥ ንከሩት።

ቫርኒሽን በተመለከተ የሥራው ዘጠና እጅ ከጣሳው በፊት ነው። ብርጭቆ ወረቀት በ120 ቁጥር ይጀመራል፣ በ180 ይቀጥላል፣ በ240 ይለሰልሳል፤ ሁልጊዜ በእንጨቱ ጭራ አቅጣጫ። ጭራውን አቋርጦ የተፋቀ ጭረት በጥሬው አይታይም፤ ቫርኒሹ ሲያርፍበት ግን ብቅ ይላል፤ እንግዳ በተቀመጠበት ትክክል። ቀዳዳና ስንጥቁ በስቱኮ ይደፈናል፣ መሠረት ቅብ ይቀባል፣ ይፋቃል፣ ከዚያ በኋላ ስስ ስስ እየተደረገ ይደገማል። አንድ ወፍራም ዙር ሁለት ስስ ዙር አይሆንም፤ ከላይ ቆዳ ይሠራል፣ ከሥር ለብዙ ቀን እርጥብ ሆኖ ይቀራል። የኤምዲኤፍ ጠርዝ ደግሞ ቀለም ጠጥቶ አይጠግብም፤ አስቀድሞ በስቱኮ ወይም በተቀጠነ ኮላ መዘጋት አለበት፤ አለዚያ ፊቱ መስታወት፣ ጠርዙ ሻካራ ሆኖ ይቀራል።

በክረምት ስለሚቀባ ናይትሮ ቫርኒሽ የምንለው አለን። ይህ ቫርኒሽ ማቅጠኛው በፍጥነት ሲተን ፊቱን ያቀዘቅዘዋል፤ አየሩ እርጥብ ከሆነ የቀዘቀዘው ፊት ላይ ጤዛ ያርፋል፣ ጤዛውም በቅቡ ውስጥ ተይዞ ነጭ ጭጋግ ይሆናል። በነሐሴ ዝናብ በተከፈተ ሼድ ሥር የተረጨ በር ነጭ ሻሽ ለብሶ ሲመጣ «ዲዛይን ነው» የሚላችሁን አትመኑ። ለኩሽና ሁለት ነገር ተቀላቅሎ የሚጠነክረው ፖሊዩሪቴን ይሻላል፤ ውሃንም ዘይትንም ከናይትሮ አስበልጦ ይችላል። ሲነካ ደረቀ ማለት ግን ጠነከረ ማለት አይደለም፤ ቀናት ይፈልጋል፤ በተተከለ ማግስት በረኪና የጠገበ ጨርቅ አይወለውልበትም።

በፒቪሲ ወረቀት ተጠቅልሎ የሚመጣው በር ርካሽና ንጹሕ ነው፤ ችግሩ ሙቀት ነው። ሙጫው ሲሞቅ ይለሳል፣ ወረቀቱ ከማዕዘኑ ይነሣል፤ ከምድጃና ከምጣድ አጠገብ አታድርጉት። እንደ መስታወት የሚያበራው አክሪሊክ ደግሞ የጣት አሻራ መዝገብ ነው፤ ማን ምን ሰዓት ስኳሩን እንደከፈተ ይመሰክራል። ለሚቆለለው ዕቃና ለሚፈገፈገው ፊት የቆየው ፎርማይካ ዛሬም አልተቸነፈም። ፊኖሊክ በጠጣ ወረቀት ተደራርቦ በከባድ ግፊት የተጋገረ ስለሆነ ሙቀትን ይችላል፣ ሽቦንም ከብዙዎቹ በላይ ይታገሣል። መጀመሪያ የተፈለሰፈው ለኤሌክትሪክ መከላከያ እንጂ ለኩሽና አልነበረም፤ ምናልባት ለዚህ ይሆናል በቁሌት የማይደነግጠው።

ክፍል ሰባት፦ ፍትሐ ካቢኔት

ከላይ የተባለው ሁሉ ካልተጻፈ ከንቱ ነው። አናጢው ሥራውን የሚተምነው በሜትር ነው፤ ሜትር ደግሞ ርዝመት ይለካል እንጂ ጠርዝ አይቆጥርም። ስለዚህ የውል ወረቀቱ ላይ የቀለሙ ቁጥር ብቻ ሳይሆን እነዚህ ይግቡ፤ የላቫንዲኖው ክፍል ወለልና ጎን ከኮምፔልሳቶ እንደሚሆን፣ የተቆረጠ ጠርዝ ሁሉ፣ የማይታየውም ጭምር፣ እንደሚሸፈን፣ ካቢኔቱ በፕላስቲክ እግር እንደሚቆም፣ ከምጣዱ በላይ ካቢኔት እንደማይሰቀል ወይም ከተሰቀለ ሥሩ በፎርማይካ እንደሚለብስ። ገንዘብ ካነሰ ከፊት ላይ ይቀነስ። ባለ ተራ ሜላሚን በር፣ ሥሩ ኮምፔልሳቶ የሆነ ካቢኔት፣ በአክሪሊክ የሚያበራ፣ ሥሩ ጥሬ ችፑድ ከሆነው ካቢኔት በዕድሜ ይበልጣል፤ ይህ የዚህ ድርሳን ብይን ነው፣ ይግባኝ የለውም።

ባለሙያውን ስታናግሩም በቁጣ አይሁን። «ወንድሜ፣ የሥሩን ጠርዝ አሳየኝ» ማለት ይበቃል፤ ጠርዝ የሚጠይቅ ደንበኛ ሲገጥመው አናጢው ራሱ ቀና ብሎ ያያችኋል፣ ዕቃውንም ከሌላው ክምር ያወጣል። ቀሪውን ሒሳብ ግን ውሃው ሳይለቀቅ፣ ሲፎኑ ሳይፈተሽ፣ አንድ ሙሉ ሌማት እንጀራ ሳይጋገርበት አትክፈሉ።